ማርሊስን የነፈግኳት ስም

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሎረን፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ባሕሩስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም መረብ በጎተትክ ቁጥር ያስቃስትሃል? አላስካም ቀኑ እየረዘመ ነው ሲሉ ሰምቼ ትንሽ ቀለል አለኝ። እኛ ሁላችንም አምላክ ይመስገን ጤነኞች ነን። በቆሎው በቅሏል፣ ዝናቡም አይከፋም። ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም የሐኪም ጉዳይ አይደለም።

ማርሊስ በስልክ ያለችህን አውቃለሁ። «በፓርቲያችን ቅድመ ምርጫ ተሸነፍኩ፣ በአባቴ ስም ብቻ የተወዳደርኩትም በራሴ ምርጫ ነው» ብላሃለች አይደል? ውሸቷን ነው፤ እኔን ልትሸፍን ነው። ሚስትህ እንዲህ ናት፤ እኔ ደግሞ የሠራሁትን ስማ።

በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ለካውንቲው ምክር ቤት በእጩነት ልትመዘገብ ስትል ወጥ ቤቴ መጣች። «አርዲስ፣ ከአባቴ ስም ከኩብቼክ ቀጥሎ ሃልስቴድ የሚለውን ብጨምርበት ቅር ይልሻል?» አለችኝ። የባሏ፣ ማለትም የእኛ የቤተሰብ ስም ነው፤ ሳትጠይቀኝም ማድረግ ትችል ነበር። እኔ ግን ምን ብል ጥሩ ነው? «አባባ ዕድሜውን ሙሉ በየሰው በረት ጥጃ ሲያዋልድ የኖረው ስሙ በየአጥሩ እንዲሰቀል አይደለም!» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው! ቀና ብላ አየችኝና «እሺ፣ ደስ ካላለሽ ይቅር» ብላ ኮቷን ለብሳ ወጣች።

እንግዲህ «ኩብቼክ» የሚል ሰሌዳ በየመንገዱ ዳር ተከለች። ኩብቼክን እዚህ ማን ያውቃል? ተፎካካሪዋ ደግሞ ዴኒንግ ነው፤ ስሙ የታተመበት የእህል ዘር መደብሩ የቀን መቁጠሪያ ያልተሰቀለበት ወጥ ቤት የት አለና! ምስኪን ማርሊስ፣ እማማ ያለችበት የካውንቲው የአረጋውያን ቤት እንዳይዘጋ ነው የምወዳደረው እያለች በየበሩ ስታንኳኳ ሁሉም በእሺታ ራሱን ይነቀንቅላታል። ድምፅ መስጫው ወረቀት ፊቱ ሲቀመጥ ግን ዓይኑ የለመደውን ስም ይፈልጋል።

በቤተ ክርስቲያኑ እራት ላይ ጎረቤታችንን ግሌንን ድምፅህን ለማን ሰጠህ ብዬ ብጠይቀው፣ «ለዴኒንግ ነዋ! ሐሳቡን እንኳ አላውቅም፣ ስሙን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያቺ ኩብ ምናምን የምትባለው ደግሞ ከየት የመጣች ናት?» አለኝ። የሎረን ሚስት መሆኗን ስነግረው ሹካውን አስቀመጠ። «የዶክተር ሃልስቴድ ምራት? ታዲያ ምን ነክቷችሁ ነው አፋችሁን የዘጋችሁት?» ብሎ ተቆጣኝ።

የተሸነፈችው በጥቂት ድምፅ ነው። ሌላው ፓርቲ ተወዳዳሪ ስለሌለው የኅዳሩን ዋና ምርጫ መጠበቅ እንኳ ከንቱ ነው። ዴኒንግም ካሸነፈ በኋላ የአረጋውያኑ ቤት ኪሳራ ስለሆነ ይዘጋል ብሎ በግልጽ ተናገረ። እማማን የሚቀበላት ሌላ ቤት ያለው ሩቅ፣ ሊንከን ከተማ ነው። እንደ አሁኑ በየቀኑ ብቅ ብሎ ማየት ቀረ ማለት ነው።

ከሁሉም የከፋውን ልንገርህ። እሁድ እማማን ልጠይቃት ሄጄ፣ አንቺስ ማንን መረጥሽ አልኳት። ኮራ ብላ ግድግዳዋ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እያሳየችኝ፣ «ዴኒንግን ነው የመረጥኩት፤ በየዓመቱ ይኸው ይልክልኛል። ሌላዋን አላውቃትም» አለችኝ። ማርሊስ እኮ በየሳምንቱ ፀጉሯን የምትጠቀልልላት ናት! ግን እማማ «የሎረን ሚስት» እንጂ ሌላ ስም ጠርታላት አታውቅም። ቤቷ ሊዘጋ መሆኑንም ልነግራት አቅም አጣሁ።

ማርሊስ ዘንድ ፓይ ጋግሬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ተይው አርዲስ፤ አባትሽን ወደሽ ነው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንተ ግን ተቆጣኝ፣ ይገባኛል። ለእሷ ደውልላትና አጽናናት እንጂ ጥፋቷ ነው ብለህ አንዲት ቃል እንዳትናገራት።

ባለቤቴ ዱዌይን ወገብህን ጠብቅ ብሎሃል። ልጄ ካርላ ትናፍቅሃለች፤ ከመርከቡ ላይ ፎቶ ላክልኝ ትላለች። የመርከብ ጓደኞችህን ሁሉ ሰላም በልልኝ። እማማም ግንባርህን ስማሃለች፤ በሚመጣው ምርጫ ሃልስቴድ የሚባል ሰው ከተወዳደረ ሳትረሺ ንገሪኝ፣ እሱን ነው የምመርጠው ብላኛለች።

እህትህ አርዲስ
ሮዝዴል፣ ነብራስካ
ሜይ 27 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.