ወደ ገመዱ የዞረችበት ዘፈን

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ይህች ወረቀት እጅሽ እስክትገባ ፈጣሪ በደህና ያቆይሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ግድግዳውን ይዘሽ ነው? ዓይንሽስ? ራስሽ ማንበብ ካቃተሽ ልጅሽ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ የማይነበብ ቦታ ካለ ጥፋቱ የእጄ እንጂ የእሷ አይደለም። ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ አማትሽ ሁሉ እንዴት ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ወገቤን እንደ ወትሮው ያመኛል፣ እህል ግን ይበላልኛል፤ እንቅልፍም እስካለፈው ሳምንት ድረስ አላስቸገረኝም ነበር።

በልጅሽ ስልክ የላክሽልኝን መልእክት ሰማሁት። የባለቤቴ ዘፈን እንደገና መድረክ ላይ መውጣቱን፣ እኔንም ፊት ወንበር ላይ በክብር ማስቀመጣቸውን ሰምተሽ እልል ማለትሽን ነገርሽኝ። እልልታሽን አልነጥቅሽም። ግን እውነቱን ለአንቺ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ?

ቲያትር ቤታችንን አይተሽው ስለማታውቂ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። በዚያ የዘፈን ቲያትር ውስጥ አንዲት ልብስ አጣቢ ባሏ ከሄደበት እስኪመለስ ግቢዋ ውስጥ እያጠበች ትዘፍናለች። አጣቢዋ ባለቤቴ ነበረች። መድረኩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ በነጭ አንሶላ ተሰቅሎበታል። የመጨረሻው አዝማች ላይ ስትደርስ አንሶላው ሁሉ ባንዴ ብድግ ይላል፣ ጸሎት ሲጀመር ሰው ከመቀመጫው እንደሚነሣ፤ ከኋላው ባዶ መንገድ ይታያል። ባሏ የለም። ይኼን ጊዜ አዳራሹ ጸጥ ረጭ ይል ነበር ይሉኛል። እኔ አይቼው አላውቅም፤ አንሶላውን የማስነሣው እኔ ነበርኩ፣ ከመጋረጃው ጀርባ በቀኝ በኩል ካለው ጥግ፣ ገመዱን በእጄ ጠምጥሜ።

አንሶላው የሚነሣው በሙዚቃው ሳይሆን በእሷ ትንፋሽ ነበር። አየር ስትስብ ገመዱ ካልተጎተተ አንሶላው ወይ ይቀድማታል ወይ ወደ ኋላ ይቀርባታል። በዚያ ሁሉ ሙዚቃ መሀል ደግሞ ትንፋሽ አይሰማም፤ መታየት አለበት። ስለዚህ ያኔ የነበረው አዘጋጅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጨረሻው ላይ ጀርባዋን ለተመልካች ሰጥታ ወደ እኔ ጥግ እንድትዞር አዘዛት። ዞር ትላለች፣ ታየኛለች፣ ትከሻዋ ከፍ ይላል፣ እጎትታለሁ። ትዳራችን የተጀመረው እዚያ ጥግ ነው ብልሽ ውሸት የለበትም። ቤት ስንገባ፣ ዛሬም አየሽኝ አይደል፣ እያልኩ አበሽቃት ነበር። እሷም ሳቋን አፍና፣ «አንተን ማን አየህ? እኔ ገመዱን ነው ያየሁት» ትለኛለች። የቤታችን ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ሞተር መጣ። ገመዱን ፈቱት፣ እኔ የምቆምበት ላይ የብረት ሣጥን ተከሉበት፣ እኔን በር ላይ ትኬት ቀዳጅ አደረጉኝ። ትርኢቱ ሲጀመር በሩ ይዘጋል። ዘፈኗን ከበሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ፣ ጭብጨባውን እሰማለሁ፣ ከዚያ እከፍታለሁ። ሞተር የማንንም ትንፋሽ ማየት አያስፈልገው፤ መዞሯም በዚያው ቀርቷል ብዬ ነበር። ጠይቄያትም አላውቅ። ምን ብዬ እጠይቃለሁ? እንዲህ እንዲህ እያልን በሽታው መጣ፣ የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ዘንድሮ ያንኑ ቲያትር ሊያነሡት ሲሉ አዲሱ አዘጋጅ አስጠራኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። አባባ፣ ያኔ እንዴት ነበር የሚሠራው ብሎ መድረኩ ላይ አቆመኝ። ቅርጫቱ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ስንኝ ላይ ጎንበስ እንደምትል፣ መዞሯንም ሳይቀር አሳየሁት። መዞሯን ሰረዘው። አሁን እኮ ሞተር አለን አባባ፣ ጀርባ ለማየት የሚመጣ ተመልካችም የለም አለኝ። እኔም እውነት አለው አልኩ። ለገመዱ የተበጀ ነገር ነው፤ ገመዱ ከሌለ ምን ይሠራል?

በልምምዱ ዕረፍት ሽማግሌው ፒያኖ ተጫዋች ሻዩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ከድሮዎቹ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ሊወገድ የተረሳ ዕቃ ነን እያለ ይቀልዳል። መዞሯን ሲሰርዘው እንዴት እሺ አልክ አለኝ። ለገመዱ አልነበር እንዴ አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሞተሩ ከመጣም በኋላ እኮ ስትዞር ነው የኖረችው!» አለኝ። የድሮው አዘጋጅ ይቆጣት ነበር አሉ፤ እዚያ ጥግ ከብረት በቀር ምን አለና ነው የምትዞሪው እያለ። እሷ ደግሞ፣ የማየውን እኔ አውቃለሁ፣ ትለዋለች። ያመማት ሰሞን እንኳ፣ እግሯ እየከዳት፣ ዞራለች። ፒያኖ ተጫዋቹ የማውቅ መስሎት ነበር። አንድ ቤት እያደራችሁ አልነገረችህም እንዴ አለኝ።

አልነገረችኝም፣ እትዬ። እኔ ከተዘጋው በር ወዲህ ቆሜ የተቀደደ ትኬት ስጠርግ፣ እሷ እዚያ ሣጥን ታይ ነበር።

ወደ አዘጋጁ ተመልሼ መዞሯን መልሱልኝ አልኩት። መብራቱ ተስተካክሏል፣ አዲሷ ዘፋኝ ልጅም እንዲሁ ለምዳዋለች አለኝ። ቆየት ብሎ፣ «ደግሞስ አባባ፣ ወደ ማን ነው የምትዞረው?» አለ። ለክፋት አልነበረም። እንግዲያው እኔ ልቁምበት፣ ያቺ ዘፈን እስክታልቅ ብቻ፣ ብዬ ለመንኩት። ሞተሩ ዘንድ ሰው መቆም ክልክል ነው፣ አደጋ አለው፣ ለእርስዎ ፊት ወንበር ይዘንልዎታል አለኝ።

በመክፈቻው ምሽት ኮቴ ላይ አበባ ሰኩልኝ። የባለቤቴን ስም ጠሩ፣ ሰው አጨበጨበ። ልጅቷ ድምፅዋ መልካም ነው፣ እግዚአብሔር ይባርካት፤ በእሷ ቂም የለኝም። ግን ሞተሩ አስቀድሞ በተቆጠረለት ሰዓት ስለሚነሣ ትንፋሿን ለእሱ ታመቻቻለች። ድሮ ገመድ ለትንፋሽ ይገዛ ነበር፣ አሁን ትንፋሽ ለብረት ይገዛል። መጨረሻው ሲደርስ ፊት ለፊት ቆማ፣ እጇን ዘርግታ፣ ለእኛ ዘፈነች። አንሶላው ተነሣ። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። እኔ ሳላስበው ወደ ጥጉ ዞሬያለሁ። ከሣጥኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ትታያለች፣ ሌላ ምንም የለም። ለካ ይህን ነበር የምታየው። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ እርጅና ያፈዘዘኝ መስሏት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አባባ፣ መድረኩ በዚህ በኩል ነው» አለችኝ።

ሰዎቹን እንዳልቀየም እጸልያለሁ። አፌ ይቅር ይላል፣ ሆዴ እምቢ አለ። ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን እነሱ አይደሉም። ጸሎት ላይ ቆሜ ፈጣሪዬን መለመን ትቼ ከእሷ ጋር ስከራከር ራሴን አገኘዋለሁ። ለምን አልነገርሽኝም እላታለሁ። ይኼ ኩርፊያ እንጂ ጸሎት አይደለም፣ አውቃለሁ። አንቺን ትወድሽ ነበር፣ በስልክም የሆዷን ታጫውትሽ ነበር። ስለዚህ ነገር ያለችሽ ካለ ጻፊልኝ። ያለችሽ ከሌለም የለም በዪኝ፤ ደስ እንዲለኝ ብለሽ እንዳትፈጥሪ።

ይህን ላነበበችልሽ ልጅሽ ምርቃቴ ይድረሳት፣ ጉሮሮዋን በውኃ ታርጥብ። ለዚያ ጉረኛ ወንድሟ፣ አጎትህ የጫማህን ቁጥር ረስቷልና እንደገና ላክ በዪልኝ። ለአማትሽ ጉልበት ስሜያለሁ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን ስታደርሺልኝ ቀና ብለሽ፣ ዓይኑን እያየሽ ይሁን። ምን ታዪኛለሽ ካለሽ፣ «ገመዱን ነው» እንዳትዪው።

ወንድምሽ
ከቲያትር ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን