የኦይዲን ክርን

ማርጊላን አጠገብ፣ ጁን 12 ቀን 2011

ውድ ልጄ ዙልሁሞር፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሩሲያ ምድር ብርዱ ቀለል ብሎልሽ ይሆናል። «እኛ ደኅና ነን» ብዬ ልቀጥል ስል እጄ እምቢ አለኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ኦይዲን በስልክ የማታናግርሽ ባንቺ በእናቷ አኩርፋ አይደለም፤ እኔ ከልክያት ነው። ልጅሽ መዋሸት አታውቅም፤ እንደ እኔ አይደለችም።

ለሐር ትሎቹ ቅጠል ስትለቅም ከእንጆሪው ዛፍ የወደቀች ዕለት «አባዬ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዳት» ብለሽ በስልክ ለምነሽኝ ነበር። «ወስጃታለሁ» አልኩሽ። አልወሰድኳትም።

ወጌሻነትን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ የጀመረውም ከክርን ነው። «ክርን የሦስት አጥንት መገናኛ ነው፤ ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት። በጣትህ ሦስቱን ጉብታ ፈልግ። እጅ ሲታጠፍ እንደ ጉልቻ ይቀመጣሉ፣ ሲዘረጋ ይሰለፋሉ። ጉልቻው ከተናጋ ውልቃት ነው፣ መልሰው። ጉልቻው ደኅና ሆኖ ክንዱ ከበላዩ ከተጣመመ ግን ስብራት ነው። በፊት ለፊቱ ትልቁ የደም ሥር ያልፋል፤ አትንካው፣ ሐኪም ቤት ስደደው» ይለኝ ነበር። አርባ ዓመት እንዲሁ ስሰድ ኖሬያለሁ።

የኦይዲንን ስዳስስ ጉልቻው በቦታው ነበር። ዐውቄያለሁ ልጄ፣ ባለማወቅ አላጠፋሁም። ግቢው ግን በሰው ተሞልቷል። ጎረቤታችን ኤርጋሽ «እንግዲህ ቶሊብ የገዛ የልጅ ልጁን ለሐኪም ከሰጠ፣ እኛ ክንዳችንን ታቅፈን ወዴት እንሂድ?» ሲል ሁሉም ሳቁ። እልህ ያዘኝ። ስቤ አቃናሁት፤ እንቁላልና ዱቄት የተቀባ ጨርቅ ጠቀለልኩበትና በሸንበቆ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት።

በማግስቱ «አባባ፣ ጣቶቼ የኔ አልመስል አሉኝ» አለችኝ።

«የወጌሻ ዘር አያለቅስም» አልኳት። ያም ሆኖ የእጇን አንጓ ይዤ ትርታዋን ፈለግሁ። ሲመታ አገኘሁት፤ እፎይ አልኩ። የያዝኳት በአውራ ጣቴ ነበር። አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው፤ የመታው የራሴ ደም ነው። ይህን ጀማሪ እንኳ አይሳሳተውም።

በአራተኛው ቀን ጣቶቿ ገርጥተው ሲቀዘቅዙ ተሸክሜያት ሮጥኩ። ሐኪሟ ማሰሪያውን ቆርጣ ጣለችና «አባት፣ ማነው እንዲህ ያሰራት?» አለችኝ።

«አንድ ወጌሻ» አልኳት።

እጇ አልተቆረጠም፣ አላህ ይመስገን። ክርኗም ይታጠፋል። ደም ያጣው የታችኛው ክንዷ ጡንቻ ግን ሞቷል፤ ጣቶቿ ወደ መዳፏ ተኮማትረው ቀሩ። ሐኪሟ አይዘረጉም ብላኛለች። ቀኝ እጇ ነው።

ሸንበቆዎቹን አቃጥያለሁ። ከእንግዲህ የማንንም አጥንት አልነካም። ይቅር በይኝ የምልበት ፊት የለኝም፤ ስትመጪ የምትይኝን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ። ስትደውዪ ግን እሷ ላይ አታልቅሺባት። «ትምህርት ሲከፈት ይድንልኛል አይደል?» እያለች ትጠይቀኛለች።

ደብዳቤውን ሳላሽግ እንደ ልማዳችን ልመርቅሽ ሁለት መዳፌን ዘረጋሁ። አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ በሰላም ከልጅሽ ያገናኝሽ። ኦይዲንም አጠገቤ ተቀምጣ «አሚን» ልትል ሁለት እጇን ዘረጋች። አንዱ መዳፍ ብቻ ተከፈተ።

አባትሽ ቶሊብ