ደወል ያላስገባሁላት ብስክሌት

ጥሩወርቄ ሆይ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ወግ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን ያስተማርሁትም ይህንኑ ነበር። ያንቺን ጤና ግን በምን ቃል እንደምጠይቅ ስላላወቅሁ የራሴን ብቻ እነግርሻለሁ። ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ዓይኔም ገና መጽሐፍ አልከለከለኝም። ሩዙ ሲታጨድ ነበር የተለየሽኝ። አሁን አዲሱ ሩዝ ለምልሞ ውኃው ከሥሩ ተኝቶበታል። ከወረታ ዳር ቆሜ ወደ ቁሐር ሚካኤል ስመለከት፣ የፎገራ ሜዳ ሰማይ የወደቀበት ይመስል ነጭ ሆኖ ይታየኛል።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። ልብሶችሽን እኅትሽ እትዬ ጠጄ ለነዳያን አከፋፈለች፤ ነጩን ካፖርትሽን ከጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ወሰደችው። ከጓሮ የተከልሽው ዘይቱን አፍርቶ የጎረቤት ልጆች ይለቅሙታል፤ አልከለክላቸውም። አልጋው ላይ ዛሬም የምተኛው በዳር በኩል ነው።

አዲስ ነገር ቢኖር ብስክሌቷ ናት። በየክረምቱ የሜዳው ውኃ ብስክሌትሽን ሲበላብሽ፣ በየመስከረሙም ተቀምጠሽ ዝገቱን ስትፍቂ ዳዊት ልጃችን ያይ ነበርና፣ «እማዬ፣ የማይዝግ አመጣልሻለሁ» ይልሽ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ። የእግርሽን ቁመት በስልክ ጠይቆን፣ አንቺን ከግድግዳ አስጠግቼ በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካሽ ሳቅሽ አላስለካ ብሎኝ ነበር። ልጁ ቃሉን ጠበቀ፤ ብስክሌቷ ግን የደረሰችው የአርባሽ ተዝካር ካለፈ በኋላ ነው። ለሥራ ከሄደበት ውጭ አገር ሲመለስ በካርቶን ጠቅልሎ አመጣት፤ ጎማ የላት፣ መሪ የላት፣ ፍሬን የላት፣ አጽሟ ብቻ። ቲታንየም ከሚሉት ማዕድን የተሠራች ናት። «ለእማዬ ያሰብሁት ነው፤ ሌላውን እዚሁ እየመረጡ ያስገጥሙና እርስዎ ይንዱት» ብሎኝ ፊቱን አዙሮ ወደ ጓሮ ወጣ።

ብዙ ቀን ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆየች። ቀለሟ እንደ አመድ ነው፤ ቀለም ተቀብታ ሳይሆን ማዕድኑ ራሱ እንደዚያ ነው። አንድ ማለዳ ሳልፍ እጄን አሳረፍሁባት። ብረት በክረምት ሲነኩት የእጅን ሙቀት ነጥቆ ይቀዘቅዛል፤ ይህች ግን እንደዚያ አላደረገችም። ጥቂት እንደቆየሁ የእኔ ሙቀት ይሁን የእርሷ መለየት አቃተኝ። እጄን ቀስ ብዬ አነሣሁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሰይድ ዘንድ ወሰድኋት።

ሰይድን ታውቂዋለሽ፤ ከመንገዱ ዳር ብስክሌት የሚጠግነው፣ ጎማሽን በለጠፈልሽ ቁጥር «ዛሬ ማን ተወለደ?» እያለ የሚጠይቅሽ ሰውዬ። በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ አያትና፣ «መምህር፣ ይሄ ብረት ነው ሸንበቆ?» አለኝ። ከዚያ እግሬን አየ፣ እርሷን አየ። «ለእርስዎ አጥራለች። የተሠራችው ለሌላ ሰው ነው» አለ። ለማን እንደ ሆነ አልነገርሁትም፤ እርሱም ሳይገባው አልቀረም፣ ቀልዱን አቋረጠ።

በዚያ ሳምንት ደጋግሜ ሄድሁ። እያንዳንዱ ዕቃ ክርክር ነበረው። ጎማውን እኔ ሰፊ አልሁ፣ እርሱ ቀጭን አለ፤ «አስፋልቱ ላይ ይጎትትዎታል» ሲለኝ፣ ወደ ቁሐር የምሄድበት መንገድ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ጭቃ፣ ሦስተኛው ግማሽ ውኃ ነው ብዬ አሳቅሁት። መካከለኛ መረጥን። ፍሬኑን በዘይት የሚሠራ እፈልግ ነበር፤ እርሱ ግን ዘይቱ ቢፈስስ ወረታ መለዋወጫ የለውም አለኝና በሽቦ የሚሠራ ባለ ዲስክ ፍሬን ሆነ። ካቴናው የሚዞርበትን ጥርሳም ክብ ከፊት አንድ ብቻ አደረግን፤ ዕቃው በበዛ ቁጥር ጭቃ የሚይዘው ይበዛልና። ጭቃ የሚከላከለው ፓራፋንጎ ረጅም፣ መሪው እንደ ድሮው ወደ ኋላ የታጠፈ። ኮርቻው ላይ ተስማማን፤ ሰፊ ቆዳ።

የኮርቻው ዘንግ ነገር ግን ልቤን ነካው። ሰይድ በእኔ ቁመት ልክ ከፍ አድርጎ አሰረው። በማግስቱ ስመጣ ዝቅ ብሏል። ማዕድኑ ከማዕድን እንዳይጣበቅ የቀባው ቅባት በዝቶ ነው አለና ጠርጎ እንደገና አጠበቀው። በማግስቱም ዝቅ ብሎ አገኘነው፤ የቆመውም እዚያው ፊተኛው ቦታ ላይ ነበር። ሰይድ ቁልፉን አንሥቶ ሦስተኛ ሊያስር ሲል ያዝሁት። ቁመቱን አውቄዋለሁ፤ በሜትር የለካሁሽ እኔ ነኝ። ይሁን፣ ጉልበቴን አጥፌ እነዳለሁ አልሁት።

የቀረው ደወል ነበር። ሰይድ የአሮጌ ብስክሌትሽን ደወል ፈትቶ ሊያዛውረው ሞከረ፤ ምላሱ ዝጎ ከቆቡ ተጣብቋል፣ ድምፅ የለውም። አዳዲሶቹን በጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ እየመታ ሲያሰማኝ፣ እትዬ ጠጄ ከቁሐር ለገበያ መጥታ ኖሮ ከደጃፉ ቆመች።

«ደወል ሊያስገቡባት ነው፣ መምህር?»

«ያለ ደወል ሜዳውን እንዴት አልፋለሁ?» አልኋት። የቁሐርን ልማድ የተማርሁት ካንቺ ነውና። ውኃ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ጉምም ሲወርድበት፣ አንቺ ደወልሽን እየመታሽ ትሄጃለሽ፤ ድምፁን የሰማ ቤት ሁሉ «በዚህ ነይ፣ እታለም» ብሎ ይጣራል፤ አንቺም ከጥሪ ወደ ጥሪ እየተሻገርሽ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ትደርሻለሽ። ያለዚያ ግራና ቀኙ ቦይ ነው፤ በሬ ውጦ ያውቃል።

እትዬ ጠጄ ዘንቢሏን አስቀመጠች። «እንግዲያስ ይስሙኝ። ጉም በወረደ ቁጥር የእታለም ደወል ይሰማናል። ከወረታ በኩል ይመጣል፤ እኛም እንደ ልማዳችን ቤት ለቤት እንቀበለዋለን። የእርስዎ ከተጨመረበት የትኛው የማን እንደ ሆነ ይጠፋናል። ተሳስተን ለእርሷ ሳንመልስ ብንቀር መንገዱ ይጠፋታል።»

ሰይድ በለስላሳ ድምፅ፣ «እናቴ፣ እርሷማ መንገዱን ከሁላችን ይልቅ ታውቀዋለች» አላት።

«በሕይወቷ ታውቀው ነበር» አለች። «አሁን የምትሄድበትን ማን ያውቃል?»

ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ ስለ እህል ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ነበረች። እኔ ግን፣ ጥሩዬ፣ ከፍርሃት ይልቅ ቅንዓት ያዘኝ። አገሩ ሁሉ ሲሰማሽ ለእኔ ለባልሽ ዝም ማለትሽ ምንድን ነው? ከዚያ ቀን በኋላ ጉም በወረደ ማለዳ ሁሉ ከከተማው ዳር እየቆምሁ አደመጥሁ። እንቁራሪት ሰማሁ፤ ውኃ ሰማሁ፤ ከሩቅ ላም ሰማሁ። አንቺን አልሰማሁም። ደወል ባስገባ እኔ በሰላም እደርሳለሁ፣ አንቺ ትጠፊያለሽ፤ ባላስገባ አንቺ ትደርሻለሽ፣ እኔ ምናልባት ከቦይ እገባለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር የተማረ ሰው ሊስቅበት ይገባ ነበር። እኔ ግን በዚያው ቀን ሰይድ ደወሎቹን ወደ መሳቢያው እንዲመልስ ነገርሁት።

«ኋላ ቦይ ውስጥ ቢገቡ እኔን አይውቀሱኝ» አለ።

«ቦይ ከገባሁ የምወቅስበት አፍ አይኖረኝም» አልሁት።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰነበተና፣ ውኃው የቁሐር ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን አጥር ነክቷል የሚል ወሬ መጣ። መቃብርሽ ከዚያ አጥር ብዙ አይርቅም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ሲነጋጋ ተነሣሁና ብስክሌቷን አውጥቼ ሄድሁ። አስፋልቱን ጨርሼ ወደ ማሳዎቹ እንደ ገባሁ ጉሙ ወረደ። የብስክሌቷ ቀለምና የጉሙ ቀለም አንድ ሆኑ፤ ወደ ታች ስመለከት ከእጆቼ በታች ምንም ያለ አልመሰለኝም። ውኃው የቸርኬዎቹን ወገብ ደረሰ። ካቴናው አዲስ ነው፣ ጎማው በውኃ ውስጥ ነው፤ ድምፅ የሚባል ከእኔ አይወጣም ነበር። ጥቂት እንደ ሄድሁ ከእግሬ ሥር ጠንካራው መሬት ለሰለሰብኝ። ቆምሁ። የት እንዳለሁ አላወቅሁም።

ያን ጊዜ የሽማግሌ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ፣ «በዚህ ነይ፣ እታለም» አለ።

እኔን አይቶ እንዳይባል ጉሙ ወፍሮ አሁን የገዛ እጄም አይታየኝም። መሪውን ወደ ድምፁ አዞርሁ፤ መሬቱ ጠነከረ። ወዲያው ከፊት ሴት ተጣራች፤ ከእርሷም ወዲያ ሌላ። እኔ ስሄድ ጥሪው ወደ ፊት ይሄዳል። ደክሞኝ እግሬን ባወረድሁ ጊዜ ጥሪው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ልነሣ ስል ደግሞ ከፊቴ ካለው ቤት ይጀምራል። ጆሮዬን አቅንቼ፣ ትንፋሼን ውጬ ደወሉን ፈለግሁት። ለእነርሱ የሚሰማው ለእኔ አልተሰማኝም። መልሳቸውን ብቻ ይዤ ተሻገርሁ።

እትዬ ጠጄ ከደጇ ቆማ ነበር። ገና እኔ ሳልደርስ አንድ ሰው እንደምታሳልፍ ሁሉ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ ከዚያ በኋላ ነው እኔን ያየችኝ። በውኃ የራሰውን ሱሪዬን ተመለከተች፣ ከመሪው ላይ ደወል እንደ ሌለ አረጋገጠች።

«ዛሬ ዘገየች» አለችኝ። «ትንሽ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፤ ደግሞ ትደውላለች። ከኋላዋ የምትጠብቀው ሰው ያለ ይመስል ነበር።»

«አሁንስ ይሰማል?»

«እርስዎ ሲደርሱ ቆመ።»

ጉሙ ሲገለጥ አብረን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ወሬው እውነት ነበር፣ ውኃው አጥሩን ነክቷል፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባም። አንቺ ያለሽበት ደረቅ ነው። ራስጌሽ የበቀለውን ሣር ነቅዬ፣ ጸሎት አድርሼ፣ ፀሐይ ሜዳውን ስትመታው ተመለስሁ። በመልሱ ጉዞ ከየደጁ የነበሩ ሰዎች «መምህር፣ እንደምን አደሩ» አሉኝ እንጂ ሌላ ማንንም የተጣራ አልነበረም።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። ለብስክሌቷ ደወል አላስገባላትም፤ ኮርቻዋንም ከቆመበት አላነሣውም። በሕይወት እስካለሁ ስምሽ ከአፌ፣ መንገድሽም ከእግሬ አይጠፋም፤ ሜዳው ላይ ጉም በወረደ ማለዳ ከኋላሽ መምጣቴን እወቂ። በየጥሪው መሃል ትንሽ ታገሺኝ፣ አትፍጠኚብኝ። አንድ ቀን ደግሞ ደወልሽን እኔም የሰማሁት እንደ ሆነ፣ ለእትዬ ጠጄም ለልጃችንም ምንም አልልም፤ ከደጇ ላይ ሳልቆም አልፌ እከተልሻለሁ።

ባልሽ፣
ከወረታ