በማቆሚያ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ስለቆመው የባለቤቴ «ተሽከርካሪ»

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ባሉበት፣ ማለትም ከሳሎኔ ወለል ሥር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ እንዴት እንደሰነበቱ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የእርስዎ ጤና፣ የጆሮዎ ጤና፣ በተለይም የሳሎንዎ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው መብራት ጤና ዘወትር ያሳስበኛል። እኔ ለክፉ አልሰጥም፤ የባለቤቴ ጉልበትም፣ ኮሚቴዎ በየጊዜው ባደረገላት ያልተቋረጠ ክትትል ምክንያት፣ ማንም ካሰበው በላይ እየተሻለው ነው። ይህንን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ውለታዎ ምስጋና ሳላቀርብ የቅዳሜው ስብሰባ እንዳይደርስብኝ ሰግቼ ነው።

ደብዳቤውን ምድር ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከእርስዎ ማስታወቂያዎች ጎን በመለጠፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀደም ሲል የጻፍኳቸውን ሰባት ደብዳቤዎች በሥርዓቱ የአስተያየት ሳጥኑ ውስጥ ከትቻቸው ነበር፤ የሳጥኑ ቁልፍ ግን ሳጥኑ በተሰቀለበት ሳምንት እንደጠፋ ሽማግሌው ጥበቃችን ስለነገሩኝ፣ ስምንተኛውን ከወንድሞቹ ጋር ላሳስረው አንጀቴ አልቻለም።

ለማያውቁኝ ጎረቤቶች፣ እኔ አራተኛ ፎቅ የምኖረው ጡረታ የወጣሁ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስትረግጥ የኖረች ልብስ ሰፊ ናት። ከእናንተ መካከል ሱሪውን ያላሳጠረችለት ወይም ቀሚሷን ያላጠበበችላት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በዚያ ሁሉ መርገጥ ያለቀው የቀኝ ጉልበቷ የዛሬ ስድስት ወር ገደማ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የሕንፃችን ሊፍትም ለእሷ ያዘነ ይመስል በዚያው ሳምንት ሥራ አቆመ። ከዚህ በኋላ የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፤ ቢሆንም ምስጋና በቁጥር ሲቀመጥ ስለሚያምር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ማሽኑ የመጣ ዕለት ስላሳዩት ትዕግሥት አመሰግናለሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ባለቤቴ በቀን ሃያ ደቂቃ ኤሊፕቲካል ላይ እንድትሠራ ባዘዘች ጊዜ፣ ይህ ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሰው ቆሞበት ሁለቱን መርገጫዎች እየረገጠ፣ ሁለቱን እጀታዎች እየገፋና እየሳበ፣ ላቡ ጠብ እስኪል ድረስ ሄዶ ሄዶ እዚያው የሚገኝበት መሣሪያ ነው፤ ጉልበት ሳይመታ ጡንቻ ያጠነክራል። ከሚዘጋ ስፖርት ቤት ያገለገለ አገኘሁ። ሻጩ ማንም ላቡን እንዳላንጠባጠበበት ሲምልልኝ ስፖርት ቤቱ ለምን እንደሚዘጋ ወዲያው ገባኝ። ተሸካሚዎቹም ሊፍት ስለሌለ በደረጃ ሲያወጡት ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ተቀርቅሮ፣ የእርስዎ በርም ወደ ውጭ የሚከፈት ስለሆነ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ቤትዎ ውስጥ እንዲቆዩ ግድ ሆነ። ጣት በምታህል ክፍተት አፍዎን አስጠግተው ስለ መተላለፊያ አጠቃቀም የሰጡንን ትምህርት እኔም ተሸካሚዎቹም እስከ ዕለተ ሞታችን አንረሳውም።

ስለ ገጣጠማው ብዙ አልልም። ከጥፍር የሚያንስ የሴት ሰዓት ዓይኔን ጨፍኜ የምፈታ ሰው፣ ይህን የብረት ክምር ለመግጠም አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ሦስት ብሎኖችም ተርፈውኛል። ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ባለቤቴ ማሽኑ ላይ በወጣች ቁጥር እሷ የምታየው ፊት ለፊቷን ነው፣ እኔ የማየው ብርጭቆውን ነው።

ሁለተኛ፦ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዎን እየመቱ ስላደረጉልን እገዛ አመሰግናለሁ። ማሽኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ጢው፣ ጢው» የሚል ድምፅ ነበረው፣ አልክድም። ሆኖም እርስዎ ከሥር በመቱ ቁጥር ባለቤቴ ምት የሚጠብቁላት መስሏት እርምጃዋን ታፋጥን እንደነበር ማወቅ ይገባዎታል። ከሥሩ የላስቲክ ምንጣፍና ሁለት ብርድ ልብስ አነጠፍኩ፤ ለሰዓት ብቻ የምጠቀምበትን ዘይት በየመገጣጠሚያው በጠብታ አጠጣሁት፤ በአሥረኛው ቀን ድምፁ ጸጥ አለ። የመጥረጊያው ድምፅ ግን ለተጨማሪ አንድ ሳምንት ቀጠለ፣ ምናልባት ልማድ ሆኖ ይሆናል።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ቃል ያጥረዋል። የመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ «መርገጫና ጎማ ያለው ማንኛውም ነገር ተሽከርካሪ ስለሆነ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ክልክል ነው» ይላል። ይህ የተጻፈው ጎረምሶች ብስክሌት በሊፍት እያወጡ ግድግዳውን በጎማ ሲያቆሽሹት መሆኑን፣ ያኔ ሊፍት የነበረን ሁላችን እናስታውሳለን። እርስዎ ግን በጥልቀት መርምረው፣ የባለቤቴ ማሽን ሁለት መርገጫ እንዳለው፣ ከፊቱም ለመጎተቻ የተገጠሙለት የዕንቁላል አስኳል የሚያካክሉ ሁለት ጎማዎች እንዳሉት ደረሱበት። ኮሚቴውም ተሽከርካሪው በሦስት ቀን ውስጥ ወርዶ ግቢ እንዲቆም ወሰነ። ቢሮዎ ውስጥ የሚቀመጡበት ተሽከርካሪ ወንበር አምስት ጎማ እያለው በክብር የተቀመጠው መርገጫ ስለሌለው ብቻ እንደሆነ ተረድቻለሁ፤ ሕግ ሕግ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ ያን መከረኛ መታጠፊያ እንደገና ዞሮ ወረደና በመኪናዎና በቆሻሻ ገንዳዎቹ መካከል፣ ማቆሚያ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ቆመ። ጥበቃችን የተሽከርካሪ መመዝገቢያ ቅጹን አንድም መስመር ሳይዘሉ ሞሉት። ቀለም፦ ጥቁር። የበር ብዛት፦ የለውም። የሰሌዳ ቁጥር፦ በሂደት ላይ። የነዳጅ ዓይነት የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን እውነተኛ ሰው ስለሆኑ ብዙ አሰቡና «የባለንብረቷ እግር» ብለው ጻፉ።

አራተኛ፦ ክቡር ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁመው። ባለቤቴ ከሆስፒታል የመጣችው በወንበር ላይ ሆና፣ አራት ሰው ተሸክሟት ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ የምታየው ከሰገነት ብቻ ነበር። ሱቋን ከዚያ ሆና ታያለች፤ ደንበኞቿ ከማዶ እጃቸውን ሲያውለበልቡላት ትስቃለች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ መጋረጃውን ትዘጋለች። የሱቁ ባለቤት ለሌላ ሰው ሳያከራይ እስከዚህ ወር መጨረሻ ብቻ እንደሚጠብቃት ነግሯታል። ማሽኑን የፈለገችው ደረጃ ለመውረድ ነው፤ እርስዎ ማሽኑን ከደረጃው ግርጌ አስቀመጡት። ይህን ለኮሚቴው ለማስረዳት ስሞክር ጉዳዩ የሕክምና እንጂ የደንብ አለመሆኑን ገልጸውልኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ያን ዕለት ብቻዬን ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። እንዲህ ያለውን ነገር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

ባለቤቴ ግን አላለቀሰችም። ጥርሷን ነክሳ፣ የስፖርት ጫማዋን አጥልቃ፣ ተሽከርካሪዬ በደንብ መቆሙን ሄጄ ማየት አለብኝ ብላ ተነሣች። ከማሽኑ ጋር ያሳለፈችው ስድስት ሳምንት ከንቱ እንዳልነበረ ያየሁት ያኔ ነው። ባለሙያዋም በስልክ ፈቀደችላት፤ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ ስትወርድ የታመመው እግር እንዲቀድም፣ ስትወጣ ጤነኛው እንዲቀድም አስጠንቅቃ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሰባት ደረጃ ወርዳ የእርስዎ በር ላይ ደረሰች፤ እዚያ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበችና ተመለሰች። በአምስተኛው ቀን ሁለተኛ ፎቅ ደረሰች። እኔ ከኋላዋ ትራስ ይዤ እከተላለሁ፤ ትራሱ ምን እንደሚያደርግ ግን አትጠይቁኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስልሳ ስምንቱንም ወርዳ ግቢው ውስጥ ቆመች፣ ማሽኗን በእጇ ዳሰሰችው፣ ወጣችበትም። ጥበቃችን ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ሐኪምም፣ ማሽንም፣ የእኔ ልመናም ያላደረገውን ንዴት አደረገው፤ ንዴቱን የሰጧት እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬ ከልቤ ነው።

ያለፈው ሰኞ ሱቋን ከፍታለች፤ ለጊዜው ግማሽ ቀን ብቻ። ለማሽኑም ከአሮጌ መጋረጃችን በእጇ የዝናብ ሽፋን ሰፍታለታለች፤ የማቆሚያ ፈቃዱ የሚገባበት ኪስም አለው። ከእሷ ቀጥሎ የአንደኛ ፎቋ ነርስ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው መምህር፣ መንታ የተገላገለችው የጎረቤት ምራት በየተራ ይሠሩበታል። ወረፋ ሲጠብቁ ያወራሉ። በዚህ ሕንፃ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር የስንቱን ስም ያወቅሁት በዚህ አንድ ወር ነው።

አምስተኛ፦ ይህን ሁሉ ደስታ አይተው ዝም ያሉበት ምክንያት የገባኝ ትናንት ነው። ለቅዳሜ ስብሰባ በወጣው አጀንዳ ላይ፣ ለሠላሳ ቀናት ከቆመበት ያልተንቀሳቀሰ ተሽከርካሪ እንደተጣለ ተቆጥሮ ከግቢው በጭነት መኪና እንዲወገድ የሚል ሐሳብ በፊርማዎ ቀርቧል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የባለቤቴ ተሽከርካሪ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም፣ የተሠራውም ለዚያ ነው። ሆኖም ትንሿ ማሳያው ላይ እንደተመዘገበው እስካሁን ስልሳ አንድ ኪሎ ሜትር ተጉዟል። ከጎኑ፣ ማቆሚያ ቁጥር አሥራ ሦስት ላይ፣ በሸራ ተሸፍኖ የቆመው መኪናዎ ግን ባትሪው ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ከአራቱ ጎማዎቹም ሦስቱ መሬት ነክተዋል። የጭነት መኪናው መጥቶ ደንቡን በሥነ ሥርዓት ያስፈጽም ከተባለ፣ በቁጥር ቅደም ተከተል አሥራ ሦስት ከአሥራ አራት እንደሚቀድም በትሕትና አስታውሳለሁ።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ባለሙያዋ፣ ባለቤቴ ከእንግዲህ ቢያንስ ሦስት ወር ሳታቋርጥ ካልሠራች ጉልበቱ መልሶ እንደሚደርቅ ነግራናለች፤ ከደረቀ ደግሞ ሱቁም፣ መንገዱም፣ ሣቋም እንደገና ከማዶ የሚታዩ ይሆናሉ። ወደ ቤት ይመለስልን አንልም፤ ባለቤቴ ጎረቤቶቿን ትታ ብቻዋን መሥራት አትፈልግም። ባለበት ይቆይልን። ቅዳሜ ይህንኑ በእግሯ ወርዳ ራሷ ትናገራለች፤ ትራሱን አልይዝም።

የመብራትዎን ሰላም፣ የመጥረጊያዎን ዕረፍት፣ የሳጥንዎን ቁልፍ መገኘት ከልብ እየተመኘሁ፣ ከራስዎ በላይ ሦስት ሜትር ከፍ ብዬ በመኖሬ ያጓደልኩት ክብር ካለ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለዘላለም ታዛዥዎ፣

የአራተኛ ፎቁ ሰዓት ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ ማሽኑ የሚሠራበትን ሰው ሁሉ ክብደቱን ጠይቆ የሚመዘግብ መሆኑን ሳልነግርዎ ቀረሁ። ላለፉት ሁለት ሳምንታት፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ሌላው ሰው ከመነሣቱ በፊት፣ አንድ መቶ አራት ኪሎ የሚመዝን ያልታወቀ ጎረቤት እየሠራበት ነው። ጥበቃችን ምንም እንዳላዩ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ ምለው ነገሩኝ። ይህ ሰው ሲጀምር አራት ደቂቃ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ደርሷል፣ በርታ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል። ባለቤቴም ለፎጣው የሚሆን ሁለተኛ ኪስ ሽፋኑ ላይ ሰፍታለታለች። ከሦስቱ የኮሚቴ አባላት ምክትልዎ ለእኛ፣ ጸሐፊዎ በእኛ ላይ ድምፅ እንደሚሰጡ ስለሰማሁ ወሳኙ ድምፅ የእርስዎ ነው። ከመርገጫው ሥር የተገኘው ቡናማ የግራ እግር ነጠላ ጫማ እኔ ዘንድ ነው፤ ቅዳሜ እጅዎን ከማውጣትዎ በፊት መጥተው ይውሰዱት። አሥራ ሰባት ደረጃ ብቻ ነው፤ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም።