ሆድህን ያመመህ ቀን

ውድ ኪየም፣

እሑድ ለመምህራን ቀን አበባ ይዘህ፣ ዘንድሮ እኔ ክፍል የምትማረውን ልጅህን ሚየንን አስከትለህ ቤቴ ስትመጣ ሻይ እንኳ በወጉ ሳልቀዳልህ የሸኘሁህ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። አፍሬ ነው።

ሚየን ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት አይታ፣ "አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለችህ።

"እትዬ በማስተማር ከወረዳው አንደኛ የወጡበት ነዋ! የእኛ ክፍል ነበር። እኔ ያን ቀን ሆዴን አሞኝ ቀረሁ እንጂ" አልካት።

ፊትህን አየሁት። ረስተኸው ይሁን ሸፍነህልኝ አልገባኝም። አላመመህም ነበር፣ ኪየም። እንድትታመም ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።

ሦስተኛ ክፍል ነበራችሁ። በእኛ ልማድ ጎበዙን ልጅ ከደካማው ጋር አንድ ወንበር ላይ እናስቀምጣለን፤ "አብረው የሚያድጉ ጓደኛሞች" እንላቸዋለን። አንተ የደረስከው ለጎበዟ ለሉዋ ነበር። በእረፍት ሰዓት ቦይ ዳር ከኮኮናት ዛፍ ጥላ ሥር ጣትህን ይዛ ታስነብብህ ነበር። "አንተ ቀንድ አውጣ! ዛሬም እዚሁ መስመር ላይ ነህ?" ስትልህ በሳቅ ትንከተከት ነበር። በአራት ወር ውስጥ፣ እየተንተባተብክም ቢሆን፣ አንድ ገጽ አነበብክ።

ከዚያ የወረዳው የመምህራን ውድድር መጣ። ዳኞች ኋላ ተቀምጠው ስናስተምር ያያሉ። የእኔ ዕጣ ስለ ጓደኝነት ማስተማር ነበር። ጥያቄውንም መልሱንም ሳምንት ሙሉ አስጠናኋችሁ። በዋዜማው ግን አንተን ለብቻህ አስቀርቼ፣ "ነገ እንዳትመጣ፤ ታመሃል" አልኩህ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ።"

"ነገ ያምሃል አልኩህ!"

ትንሽ አሰብክና "ራሴን ነው ሆዴን?" አልከኝ።

"ሆድህን።"

"እሺ፣ እትዬ።"

በማግስቱ "እውነተኛ ጓደኛ ምን ያደርጋል?" ብዬ ጠየቅሁ። ሉዋ ተነሥታ "ጓደኛውን ጥሎ አይሄድም" አለች፣ እንዳስጠናኋት። አንዷ ዳኛ ባዶ ቦታህን አይታ "ያንቺስ ጓደኛ የት ሄደ፣ የኔ ቆንጆ?" አለቻት። ሉዋ እኔን አየችኝ። "ሆዱን አሞት ነው" አለችና እያለቀሰች ተቀመጠች። ዳኞቹ ለጓደኛዋ ያዘነች መሰላቸው። አንደኛ ያወጣኝ የዚያች ልጅ እንባ ነው።

አንተ ደግሞ በነጋታው እየሮጥክ መጥተህ "እትዬ፣ አሸነፍን?" አልከኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ከበደኝ።

የሚብሰውን ልንገርህ። የፊታችን ሐሙስ ዳኞች እንደገና ይመጣሉ፤ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻዬ ነው። ርእሰ መምህሩ "እትዬ ኛን፣ ደከም ያሉትን እንደተለመደው..." ሲለኝ እሺ ብዬ የሦስት ልጆች ስም ጻፍኩ። ሁለተኛዋ ሚየን ናት። አበባውን ስታቀብለኝ ያ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ቀድጄዋለሁ። የምስክር ወረቀቱንም ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን ይቅር በለኝ። ሉዋንም ስታገኛት ይህን ደብዳቤ አንብብላት፤ ብትንተባተብም ትጠብቅሃለች፣ ታውቅበታለች።

ሚየንን ፊት ለፊት አስቀምጣታለሁ። እንድታነብ አስነሣታለሁ፤ የፈጀውን ይፍጅ፣ እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ። በጊዜ አምጣት። ሐሙስ ልጅህ ጤነኛ ናት።

እትዬህ ኛን