ወንዱ ከእንቁላሉ አልነሳም አለ

የካቲት 9 ቀን 1983 ዓ.ም.
ለሰጎኖቹ ጎመን ከተፍሁ። ውኃ ቀየርሁ። ግቢያቸውን ጠረግሁ... ሚስማርም ሽቦም ቢሆን፣ የሚያብለጨልጭ ካዩ ይውጣሉ። እንቁላሉን ቀን ሴቷ ትታቀፋለች፤ ሲመሽ ጥቁሩ ወንድ ይተካታል። ማን አስተማራቸው?
ባሌ አምባቸው ከፋብሪካ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። "ታጋዮቹ ቀርበዋል፤ ሰው ሁሉ ከከተማ እየወጣ ነው" አለኝ።

የካቲት 14
የምሠራበት የመንግሥት እንስሳት ማቆያ ኃላፊ የግቢውን ቁልፍ ሰጠኝ። "እንደሚሆን አድርጊ" ብሎኝ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እንደሚሆን? ምን ማለት ነው?

የካቲት 16
አምባቸው ሻንጣ እያሰረ ነው።
"ለወፍ ብለሽ ልትቀሪ?"
"እኔ ከሄድሁ ማን ያበላቸዋል?"
"የሚበላቸው አይጠፋም።"
ጎመኔን ይዤ ወጣሁ።

የካቲት 17
ሄደ። መናኸሪያ ድረስ አልሸኘሁትም።

የካቲት 19
የመንግሥት ወታደሮች ተሸንፈው ከሐሙሲት በኩል እየተመለሱ ነው። ርቧቸዋል። አንዱ በአጥሩ አሻግሮ ሰጎኖቹን አየና "ይኼ ስንት ሰው ያጠግባል?" አለ። ቀልዱን አልነበረም።
ወደ ደብራችን፣ ወደ አባ መርስዔ ኀዘን ሮጥሁ። "አባ፣ ሰጎኖቹን ግቢዎ ያስጠጉልኝ" አልኋቸው። ቀና ብለው ጉልላቱ ላይ የተሰኩትን የሰጎን እንቁላሎች አዩ። "እንቁላሏን ከመስቀሉ ላይ ሰክተን እሷን በር እንዘጋባታለን? አምጫቸው።"

የካቲት 20
ጎሕ ሲቀድ የአሮጌ ሹራብ እጅጌ በሴቷ ራስ ላይ አጠለቅሁ። ዓይኗ ሲጨልም ትረጋለች። እኔ በአንድ ጎን፣ አባ በሌላ ጎን ይዘን አደረስናት።
ለወንዱ ተመለስሁ። ከእንቁላሉ አልነሳም አለ። ክንፉን ዘርግቶ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ። እጅጌውን ይዤ ስቀርብ በርግጫ ክንዴን ጫረኝ። እንቁላሎቹን ብሰብርበት ይነሳ ነበር። ድንጋይ አነሳሁ... እጄ እንቢ አለኝ።

የካቲት 21
ማለዳ ተኩስ ሰማሁ። ስደርስ ጥቁር ላባ ብቻ። እንቁላሎቹም የሉም።
እንቁላሎቹን ሰብሬበት ቢሆን ኖሮ...

የካቲት 27
ከተማዋን ታጋዮች ይዘዋል። የአዲስ አበባ መንገድ ተዘግቷል። አምባቸው ደርሶ ይሆን?
ሴቷ ጎመኑን ነካ አድርጋ ትተወዋለች። ሲመሽ ግን ትነሳና አጥር አጥሩን ትመላለሳለች። የሚተካትን ወንድ እየጠበቀች ነው? እንዴት ብዬ ልንገራት?

መጋቢት 6
ዛሬ ከእጄ በላች። ጥቂት ነው፣ ግን በላች።
አንድ ታጋይ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሞ እኔንና ሰጎኗን አየ። "ይች ወፍ የማን ናት?" አለኝ። የመንግሥት ናት ልል አፌን ከፈትሁ። የየትኛው?
"የእኔ ናት" አልሁ።
ራሱን ነቅንቆ ሄደ። አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። አለቀስሁ፣ አምባቸው ከሄደ ወዲህ ገና ዛሬ። እሷ መጥታ አጠገቤ ቆመች።