በስተቀኝ የተሰፋ ኪስ

ኅዳር ማብቂያ፣ ድልድዩ ለአራተኛ ጊዜ እጅ ከለወጠ በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፤

ከድንበር ወዲያ ባለሽበት ቤት ሰላም ይብዛልሽ። እኔ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተኝ እንጂ ተመስገን ነው፣ አለሁ። ይህን የምታደርስልሽ አዋላጇ ናት። አንብበሽ አቃጥይው።

የወንድምሽ ወገኖች፣ ላይኞቹ፣ በጥቅምት ከኮረብታው ወርደው ድልድዩን ያዙ። የባልሽ ወገኖች፣ ታችኞቹ፣ በመድፍ ደብድበው መለሷቸው። ላይኞቹ እንደገና አጥቅተው አስለቀቁ። በመጨረሻ ታችኞቹ ጉም ለብሰው ወንዙን በመልካው በኩል ተሻገሩና ከኋላ መጡባቸው። ከዚያ ወዲህ ከተማው የታችኞቹ ነው። እኔ የሁለቱንም ካፖርት ስጠግን ከርሜያለሁ፤ ቀዳዳው ያው ነው።

ባልሽ የመጣው ውጊያው ባለቀ ሰሞን ነው፣ በጓሮ በር። ያሸነፈ ሰው በጓሮ በር ምን ያስገባዋል? ደግሞ የለበሰው የላይኞቹን ካፖርት ነው።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከገበያ ገዝቼው ነው አባባ» አለና እንቅልፍ ጣለው።

ካፖርቱን ገልብጬ አየሁት። የውስጥ ኪሱ በስተቀኝ ነው። ወንድምሽ ግራኝ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ በዚያ በኩል ኪስ የምሰፋው ለእሱ ብቻ ነው። ከብብቱ ሥር ተቀዷል፣ ዙሪያው ደም ደርቆበት እንደ ቆዳ ጠንክሯል። ልጄ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መቀሱ እጄ ላይ ነበር።

ሲነቃ ካፖርቱን ፊቱ ዘረጋሁት። «ገበያው የት ነው? ሬሳ ላይ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ድልድዩ ሥር ወድቆ አገኘሁት። ይተነፍስ ነበር። የእኛ ሐኪሞች የላይኞቹን ቁስለኛ አያነሱም። የኔን ካፖርት አለበስኩት፣ መታወቂያዬን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን ጠርቼ ሸሸሁ። አሁን እኔ ከድቶ የጠፋ ወታደር ነኝ አባባ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ይድናል ልልዎት አልደፈርኩም። ሞቷል ልልዎትም አልደፈርኩም።»

ጥሩ መልስ ነው። እንዲያውም በጣም ጥሩ ነው፤ የጠረጠርኩትም ለዚሁ ነው። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ስፌቱ የማይታይ ልብስ ካየህ ገልብጠው» ትለኝ ነበር።

ሆስፒታል ሄጄ በባልሽ ስም ጠየቅሁ። ዘበኛው ቁስለኞቹ በካሚዮን ተጭነው ሄዱ አለኝ። በሕይወት ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ እኔ የምጠብቀው በር ነው» አለኝ።

ጸሎት ስቆም እንኳ ጆሮዬ እሱ ወዳለበት ክፍል ነው። ምሳ ስንቀርብ እጁን አያለሁ። ይህ እጅ አነሳው ወይስ ጣለው? መልሼ ደግሞ ራሴን እጠይቃለሁ፤ እውነቱን ነው የምፈልገው ወይስ የምጠላው ሰው?

ትናንት ጠዋት የጠፉ ወታደሮችን የሚያድኑ የታችኞቹ ፈታሾች መጡ። ካፖርቱን ከሚጠገኑት ክምር መሃል ወርውሬ ባልሽን ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄስ ማነው?» አለ አለቃቸው።

እሱን ለማስያዝ አንድ ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር። ልመነው አልመነው ሳልወስን አፌ ቀደመኝ፤ «ልጄ ነው።»

አለቃው ስፌቱን አነሳና ሳቀ። «አባባ፣ ልጅዎ እየሰፋ ነው ወይስ እያረሰ?»

«እናቱ ናት ያሞላቀቀችው» አልኩ። እየተሳሳቁ ወጡ።

ባልሽ ከመቀመጫው ሳይነሳ እጄን ይዞ እያለቀሰ ሳመኝ። አልነጠቅሁትም። ግን ጎንበስ ሲል የማልቀሱን ልክ እያጤንኩ ነበር፤ እንዲህ ሆኛለሁ።

እንግዲህ አብረሽው የኖርሽው አንቺ ነሽ። ይዋሻል? ባሌ ነው ብለሽ አትሸፍኚው፣ አባቴ ነው ብለሽም አታባብይኝ። ስለ ወንድምሽ ግን ሐሳብ አይግባሽ፤ የማይድን ሰው በካሚዮን አይጭኑም።

ብርዱ በርትቷል፤ ባልሽ ደግሞ የሚደርበው የለውም። ካፖርቱን አጥቤ ጥቁር ቀለም ነከርኩት፣ ቀዳዳውን ከውስጥ ደርቤ ደፈንኩት። ኪሱንም ፈትቼ በስተግራ ሰፋሁት። እሱ በቀኝ እጁ ነው የሚጠቀመው።

ወንድምሽ ሲመጣ ሌላ እሰፋለታለሁ።

የእናትሽ አምላክ መንገድሽንም ደጅሽንም ይጠብቅ፤ የምሰማውን እንድችል ለእኔም ለምኚልኝ።

አባትሽ